ሳይጠናቀቅ ለሕዝብ ስለሚቀርብ የቪዲዮ ጨዋታ



ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጣራው እንደ ተመታ ገንዘቡ ያልቅና ባለቤቱ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ኮርኒሱም ሳይሠራ ቤተ ሰቡን ይዞ ይገባል። ጣራው በየት በኩል እንደሚያፈስ የሚታወቀውም ከተኖረበት በኋላ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ወዳልተጠናቀቀው ቤት የሚገባው ባለቤቱ ሳይሆን ገንዘብ ከፍሎ የመጣ እንግዳ መሆኑ ነው። ይኸውም ጥቂት ሰዎች ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ የሚሠሩት የቪዲዮ ጨዋታ ገና ሳያልቅ ለሕዝብ የሚቀርብበት ልማድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ያላለቀውን ለሕዝብ ማሳየት ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው ምክንያት ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ወይም ሦስት አራት ባልንጀሮች ዓመታት በሚፈጅ ሥራ ላይ ያለ ደመወዝ ሲቀመጡ የቤት ኪራይ አይጠብቃቸውም። ሁለተኛው ምክንያት ግን በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ይበልጣል። ወጥ የምትሠራ ሴት ደጋግማ ከቀመሰች በኋላ ምላሷ ጨዉን ስለሚለምደው ሌላ ሰው ጠርታ ታስቀምሳለች። ጨዋታ ሠሪውም እንደዚሁ የገዛ ሥራውን ጉድለት ማየት ይሳነዋል። ከዚህም በላይ በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን የሚሄደው ጨዋታ በሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ይህን የሚገልጠው የብዙ ሰው ሙከራ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለው ጨዋታ ነው። የተጀመረው በሜክሲኮ ሲቲ፣ ስኳድ በሚባል የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ውስጥ፣ ፌሊፔ ፋላንጌ በተባለ ሠራተኛ አሳብ ነው። የማስታወቂያ ድርጅት ሮኬት ይሠራል ብሎ የሚገምት አልነበረም! ተጫዋቹ ሮኬት ይገጣጥማል፤ ፊታቸው አረንጓዴ የሆነ ትናንሽ ጠፈርተኞችንም አሳፍሮ ያስወነጭፋል። ሮኬቱ በደንብ ካልተሠራ ይፈነዳል፤ በደንብ ከተሠራም ወደ ላይ መውጣቱና መውረዱ የስበትን ሕግ የተከተለ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በሰኔ ወር ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ቅጂ ቍጥሩ 0.7.3 ሲሆን ያለ ዋጋ በነጻ ይወሰድ ነበር። በዚህ ሥራ ልማድ ከነጥቡ በፊት ያለው ዜሮ «ገና አላለቀም» ማለት ነው፤ አለቀ የሚባለው 1.0 ሲደርስ ነው። በዚያ ጊዜ የሚኬድበት ጨረቃ እንኳ አልነበረም፤ ጨረቃዋ የተጨመረችው ከጊዜ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ሮኬቱ ይሠራ ነበር፤ ይነሣ ነበር፤ ይወድቅም ነበር። ሰዎች ወደዱት። ጥቂት ቈይቶ በአነስተኛ ዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ ሥራው በዳበረ መጠንም ዋጋው ከፍ አለ። ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ በገዛ ፈቃዳቸው አዳዲስ ክፍሎች እየሠሩ ሲጨምሩ ታይተው ወደ ሠሪዎቹ ቡድን ተቀጠሩ። በ2014 ዓ.ም. የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ስለ አስትሮይድ ጉዞ በተዘጋጀ ተጨማሪ ክፍል ላይ ተባበረ። 1.0 የሚለው ቍጥር የደረሰው በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በመካከሉ፣ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ኧርሊ አክሰስ ብሎ የሰየመውን ክፍል በ12 ጨዋታዎች ከፈተ፤ ከርባልም ከእነዚህ አንዱ ነበረ። መደብሩ ለሠሪው ጥያቄዎች ያቀርባል፤ ለምን ሳያልቅ አቀረብኸው? ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አሁን ያለበት ሁኔታ እንዴት ነው? ሲያልቅ ዋጋው ይለወጣልን? መልሱን ገዢው ያነባል።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንለፍ። የዚያው ጨዋታ ተከታይ፣ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2፣ በሌላ ቡድን እጅ ተሠርቶ በ2023 ዓ.ም. በየካቲት ወር ሳያልቅ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 50 ዶላር ያህል ነበር። በሌሎች ዓለማት መንደር መመሥረት፣ ወደ ሌሎች ከዋክብት መጓዝ፣ ከባልንጀራ ጋር መጫወት፤ ይህ ሁሉ ወደ ፊት እንደሚመጣ ተዘርዝሮ ተነገረ። የቀረበው ግን በስሕተት የተሞላና በብርቱ ኮምፒዩተር ላይ ሳይቀር የሚንቀረፈፍ ነበር። በ2024 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ተሰናበቱ፤ ከሰኔ ወር በኋላም አዲስ ማሻሻያ አልወጣለትም። መንደሮቹም ከዋክብቱም አልመጡም። ጨዋታው ግን ከዚያም በኋላ ለሽያጭ ቀርቦ ቈየ።

ሁለቱም ሳያልቁ የቀረቡ ናቸው። የመጀመሪያው ያለውን ትንሽ ነገር ሰጠ፤ ሁለተኛው ግን ያልተሠራውን ተስፋ ከተሠራው ጋር አዳብሎ በሙሉ ዋጋ ሸጠ። ስለዚህ ሥራውን ለሕዝብ ለማውጣት የሚያስብ ወጣት «ዛሬ ሥራዬን ባቋርጥ የገዛኝ ሰው ገንዘቡን ያገኛልን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ሥርዐት የያዘ አሠራር ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ ሄዲስ የተባለውን ጨዋታ ይመልከት። ሱፐርጃይንት ጌምስ በ2018 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሳያልቅ ሲያቀርበው የሚቀጥለው ትልቅ ማሻሻያ የሚወጣበትን ጊዜ ጨዋታው ሲከፈት በሚታየው ገጽ ላይ ያሳይ ነበር። የታሪኩን መደምደሚያ ግን እስከ 2020 ዓ.ም. መስከረም ድረስ ይዞ ቈየ፤ ቀደም ብለው የገዙትም የሚጠብቁት ነገር አላጡም።

ሠሪው ተጫዋቾቹን ሁሉ ይስማ እንላለን፤ ሁሉን ግን አይታዘዝ። ሕመምተኛ የሚያመውን ቦታ በትክክል ያሳያል፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ግን ሐኪሙ ነው። ደግሞም ማሻሻያው ተጫዋቹ ብዙ ሰዓት የደከመበትን የተቀመጠ ጨዋታ የሚያበላሽበት ከሆነ አስቀድሞ ይንገረው፤ ሰው ድካሙ ሳይነገረው ሲጠፋበት ይቈጣል።

ገዢውም የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ እንደ ወጣ ይመልከት። ስቲም ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ ከ12 ወር በላይ ማሻሻያ ባልወጣላቸው ያላለቁ ጨዋታዎች ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ጀምሯል። ገዝቶ የተጸጸተም በ14 ቀን ውስጥና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከተጫወተ ገንዘቡን እንዲመልሱለት መጠየቅ ይችላል።