ጀርባውን የበላው የትኛው ነቀርሳ ነው?

ሸክም ያደከመው ጀርባ በዕረፍት ይሻለዋል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ከመክሳት ጋር የመጣ ወይም እግርን የሚያዝል የጀርባ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመምተኛው ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ ወርዶ ራጅ ሲነሳ ፊልሙ የተበላ አጥንት ሊያሳይ ይችላል። የበላው ምን እንደሆነ ግን ፊልሙ ሁልጊዜ አይናገርም።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያደናግረናል። ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ኖረናል፤ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። የአከርካሪ ቲቢ ብዙውን ጊዜ ለወራት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ኮርዶማ የሚባለው ብርቅ የአከርካሪ ዕጢ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ የእርሱ ዋና ሕክምና ቀዶ ጥገናና ጨረር ነው። በግምት የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት የዕጢ ሕመምተኛ ወራቱን በከንቱ ያሳልፋል፤ በዚህ መሐል ሕብለ ሰረሰሩ ከተጨቆነ እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል።

ፍርዱ ያለው በመርፌ ወይም በቀዶ ጥገና ከሚወሰደው ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው። ቁራጩ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ አጥንት ካለበት በአሲድ ይለሰልሳል፤ በሰም ተይዞ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ አራት ወይም አምስት እጅ ያህል ሆኖ ይሸነሸናል። ሳይቀለም በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ምኑም አይለይም። ሄማቶክሲሊን ከማዕከላዊ አሜሪካ ዛፍ የተገኘ ቀለም ነው፤ የሴሉን አስኳል ሰማያዊ ያደርጋል፣ ኢዮሲን ደግሞ ቀሪውን ሮዝ። ዚል ኒልሰን የሚባለው ማቅለሚያ የቲቢውን ባክቴሪያ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ አድርጎ ያወጣዋል። ባይታይም ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ በአጥንት ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ነውና።

የኮርዶማ ሴሎች አረፋ የሞላባቸው ይመስላሉ፤ የልም አጥንት ካንሰርም ሊመስላቸው ይችላል። ኤስ 100 የተባለው ማቅለሚያ ሁለቱንም ስለሚይዝ አይለያቸውም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) ግን ብራኪዩሪ የተባለው ፕሮቲን የኮርዶማ መለያ መሆኑ ታወቀ፤ እርሱን የሚያድነው ማቅለሚያ የኮርዶማውን አስኳል ቡናማ ያደርገዋል። ይህን የወረዳ ሐኪም ቤት አይሠራውም፤ ናሙናው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ይችላል።

አንዳንዴም ናሙናውን ይዞ የሚሄደው ቤተሰቡ ነው። ለማቅለሚያ የሚሄደው ቁራጭ አሥር እጥፉ ፎርማሊን ያስፈልገዋል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ለማሳደግ የሚሄደውን ግን ፎርማሊን አይንካው። ሁለት ጠርሙስ መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ። ስም፣ ዕድሜና የአጥንቱ ቦታ ይጻፍበት፤ የራጁም ፊልም አብሮ ይሂድ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ወጌሻ ጀርባውን አይሸው።