ርካሹ ኢንሹራንስ የረከሰው ለማን ነው?

ጋይኮ ሲቋቋም ለሁሉም ሰው ክፍት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊዮ ጉድዊንና ባለቤቱ ሊሊያን ቴክሳስ ላይ ሲከፍቱት «የመንግሥት ሠራተኞች መድን ኩባንያ» አሉት፤ ጋይኮ የዚያ ምሕፃረ ቃል ነው። ስሌታቸው እንዲህ ነበር፦ የመንግሥት ሠራተኛ ገቢው የታወቀ ነው፣ ረጋ ብሎ ይነዳል፣ ካሳ የሚጠይቀውም አልፎ አልፎ ነው። ሽያጩን ደግሞ በወኪል ሳይሆን በፖስታ አደረጉት፤ ለወኪል የሚወጣው ኮሚሽን ቀረና ዋጋው ወረደ። በዓመቱ ዋሽንግተን ገቡ። የመንግሥት ሠራተኛ ከዚያ በላይ የት ይገኛል?

ስቴት ፋርምም የተወለደው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። በ1922 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ ጆርጅ መከርሊ የሚባል በግብርና የኖረ ሰው ገበሬ እንደ ከተሜው ብዙ ሳይነዳና ሳይጋጭ እኩል መክፈሉ አልዋጥ ብሎት የመሠረተው ነው። እስከ ዛሬ ባለአክሲዮን የለውም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ደንበኞቹ ናቸው። በዚህ ከእድር ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ አባላቱ አይተዋወቁም፣ ድንኳንም አይተክልም። በዚያው ዓመት ሳን አንቶኒዮ ላይ 25 የጦር መኮንኖች ተሰብስበው አንዱ ለሌላው መኪና ዋስ ሊሆን ተስማሙ፤ ዩኤስኤኤ ከዚያ ወጣ፣ አሁንም የሚቀበለው ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን ነው። ፕሮግረሲቭ በ1950ዎቹ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ ሌሎቹ የገፏቸውን፣ ቅጣትና ግጭት ያለባቸውን ነጂዎች ዋጋ ጨምሮ መቀበል ጀመረ።

ይህን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። ዛሬ ከጋይኮ ማንም መግዛት ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የሚፈልገው ዓይነት ደንበኛ አለው፤ ለዚያ ሰው ይረክሳል፣ ለሌላው ይወደዳል። ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ ሐበሻ ሲገናኝ «እገሌ ርካሽ ነው፣ እሱ ጋ ግባ» የሚባለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለመካሪው ነው። መካሪው ለዓመታት ያለ ግጭት የነዳ፣ ክሬዲቱ ያማረ፣ ቤቱንም መኪናውንም አንድ ቦታ አስገብቶ ቅናሽ ያገኘ ይሆናል። ተመካሪው ደግሞ አምና የመጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 20 ዓመት ታክሲ ነድቶ ቢሆን እንኳ አብዛኞቹ ድርጅቶች ያንን ከቁም ነገር አይቆጥሩለትም፤ የአሜሪካ መንጃ ፈቃዱ አዲስ ስለሆነ እንደ ጀማሪ ያዩታል።

ክሬዲትም ዋጋ ላይ ይገባል። ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ማሳቹሴትስ በመኪና ኢንሹራንስ ላይ ይህን ከልክለዋል። ሜሪላንድ ለቤት ኢንሹራንስ ትከለክላለች፤ ቨርጂኒያ ትፈቅዳለች። በአሜሪካ ኢንሹራንስን በዋናነት የሚቆጣጠረው እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው መኪናውም ፀባዩም ሳይለወጥ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል።

ሁለት ኮት፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዓይን የሚሄደው ወደ ወርኃዊ ክፍያው ነው። ከዚያ በፊት ግን የውሉን የመጀመሪያ ገጽ፣ ዲክላሬሽን ፔጅ የሚሉትን፣ ማየት ይሻላል። እዚያ ላይ እንደ 50/100/25 ያለ ቁጥር ይገኛል፤ ሦስቱም በሺህ ዶላር ናቸው። ጥፋቱ የነጂው ሆኖ ሰው ቢጎዳ ድርጅቱ ለአንድ ተጎጂ እስከ 50 ሺህ፣ በዚያ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ በድምሩ እስከ 100 ሺህ፣ ለተበላሸ ንብረት እስከ 25 ሺህ ይከፍላል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የቨርጂኒያ ዝቅተኛው ይህ ነው። (እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ 500 ዶላር ምንም አይሸፍንም።) ሜሪላንድ 30/60/15፣ ዲሲ 25/50/10 ናቸው። 10 ሺህ ዶላር የአንድ አዲስ ቴስላን ጎን ለማስጠገን ላይበቃ ይችላል፤ የጎደለው ከነጂው ኪስ ነው። ስለዚህ አንዱ ኮት በዝቅተኛው፣ ሌላው በ100/300/100 ተሠርቶ ከሆነ የዋጋ ልዩነታቸው ስለ ድርጅቶቹ የሚነግረን ነገር የለም። ዲደክተብሉም፣ ድርጅቱ ከመክፈሉ በፊት ባለውሉ ከኪሱ የሚያወጣው፣ እንዲሁ ነው፤ 1,000 የነበረው 500 ሲደረግ ያ ርካሽ ኮት ርካሽ ሆኖ ላይቀጥል ይችላል።

የአገልግሎቱ ነገር በዲኤምቪ ከሌላው ቦታ ይከብዳል፤ ምክንያቱ ሕጉ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አብዛኛው አሜሪካ የተወውን የቆየ ደንብ ይዘው ቀርተዋል፤ በግጭቱ 1 በመቶ እንኳ ጥፋት ያለበት ነጂ ከሌላው ወገን ካሳ መጠየቅ አይችልም። ዲሲ በ2016 እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ከዚህ አላቀቀች፤ ባለመኪናውን ግን እዚያው ተወችው። እንግዲህ ከኋላ ተገጭቶ ያደረ ሰው በማግስቱ የሚደወልለትን ስልክ አስቡት። የገጪው ድርጅት አጀስተር፣ ካሳውን የሚያጣራው ሠራተኛ፣ ነው፤ ትሑት ነው፣ «ደህና ነዎት?» ይላል፣ ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ ፍጥነቱን፣ ፍሬን ድንገት ተይዞ እንደነበር፣ የኋላ መብራቱ ይሠራ እንደነበር ይጠይቃል። ሰውየው እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ወይም በይሉኝታ «እኔም ትንሽ ፈጥኜ ነበር መሰለኝ» ካለ፣ ያቺ «ትንሽ» ብዙ ታስከፍለዋለች።

የራስ ድርጅት የሚፈለገው ያን ቀን ነው። ኮሊዥን (የራስን መኪና ከግጭት የሚሸፍነው) ያለው ነጂ፣ በተለምዶ ፉል ካቨሬጅ አለው የምንለው፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን ዲደክተብሉን ከፍሎ መኪናውን ያሠራል፤ ድርጅቱ ከዚያ ከገጪው ድርጅት ጋር ይሟገታል፣ ሲረታ ዲደክተብሉንም ያስመልስለታል። ላያቢሊቲ (በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ያለው ግን ለራሱ መኪና የሚሟገትለት የለም። ሁለት ድርጅቶችን ይህን ሥራ በስንት ጊዜ እንደሚጨርሱ፣ ኦርጅናል መለዋወጫ ይሁን ሌላ እንደሚያስገቡ፣ መኪናው ጋራዥ ሳለ የኪራይ መኪና ለስንት ቀን እንደሚሰጡ ጠይቆ ማወዳደር ከጋይኮ ማስታወቂያ አረንጓዴ እንሽላሊት የበለጠ ይናገራል።

ቅሬታን መለካትም ይቻላል። የስቴቶቹ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ ኤንኤአይሲ፣ ለየድርጅቱ የቅሬታ መለኪያ ያወጣል። 1 ማለት በድርጅቱ ስፋት ልክ የሚጠበቀው ቅሬታ ነው፤ 2 ከሆነ እጥፍ ቅሬታ አለበት፣ ግማሽ ከሆነ ከሚጠበቀው ያነሰ። ነፃ ነው። በኔ ግምት በወር የ8 ዶላር ልዩነት ላይ አንድ ሰዓት ከመጨቃጨቅ ይህን ቁጥር ሁለት ደቂቃ ማየት ይበልጣል። በኢንተርኔት «ሁሉንም እናወዳድርልዎ» የሚሉት አንዳንዶቹ ደግሞ ዋጋ ሳይሆን የሰውየውን ስልክ ቁጥር ነው የሚሸጡት። እንደ ኢሪ ያሉ ድርጅቶች የሚሸጡት በገለልተኛ ወኪል በኩል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ወኪል የብዙ ድርጅቶችን ዋጋ በአንድ ቁጭታ ያሳያል።

ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። የግል መኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አፑ ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ አይሠራም። ነጂው ጥሪ እየጠበቀ ሳለ የኡበር ኢንሹራንስ በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት 50/100/25 ይሸፍናል፤ ለነጂው ለራሱ መኪና ግን ምንም የለም። ጥሪ ተቀብሎ ወደ ተሳፋሪው ሲሄድ በሌላው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ሽፋኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። የራሱ መኪና የሚሸፈነው በግል ውሉ ኮሊዥን ካለው ብቻ ነው፤ ዲደክተብሉም 2,500 ዶላር ነው። ይህን ክፍተት የሚደፍን ራይድሼር የሚባል ተጨማሪ ውል አለ፤ ሁሉም ድርጅት አይሸጠውም። ለኡበር ነጂ ርካሹ ድርጅት ይህን የማይሸጥ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

የቤት ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ሰው ድርጅቱን መርጦ አያውቅም፤ ባንኩ ጠየቀ፣ ብድሩን የጨረሰለት ሰው አንዱን ጠቆመ፣ ክፍያው ከሞርጌጁ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ሁለት ነገር ግን ውሉ ላይ መታየት አለበት። ጣሪያ ሲበላሽ የሚከፈለው የአዲስ ጣሪያ ዋጋ ነው ወይስ ዕድሜው ተቀንሶ? ሁለተኛው ቤዝመንት ነው። የጎርፍ ውሃ በመደበኛው ውል አይሸፈንም፤ ለእሱ በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል ጎርፍ ኢንሹራንስ አለ፣ ለቤቱ እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን ጥበቃ ጋር። ከፍሳሽ መስመር ተመልሶ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው፤ የሚሸፈነው ተጨማሪ ተገዝቶ ከሆነ ነው። ቤዝመንቱን ያከራየ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ባይፈርም ጥሩ ነው።

ክሌም (የካሳ ጥያቄ) የገባበት ሁሉ ክሉ በሚባል መዝገብ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ አዲስ ድርጅት ዋጋ ከማውጣቱ በፊት እሱን ያያል። የ1,400 ዶላር ጉዳት በ1,000 ዲደክተብል ክሌም ቢደረግ የሚገኘው 400 ነው፣ የሚመዘገበው ግን ሙሉ ክሌም ነው። ይህን ሪፖርት በዓመት አንዴ በነፃ ማስላክ መብት ነው፤ የሰው ክሌም በስህተት የተመዘገበበት ሰው ስለሚኖር ኮት ከመጠየቁ በፊት ማስታረም ይችላል።