ዙፋን ወጥቶ ተማሪ የገባበት ግቢ

ይፋት የነገሥታት መቀመጫ የነበረ አገር ነው። ከሸዋ ሮቢት ሜዳ በስተ ምዕራብ በሚነሣው ተረተር ላይ የወላስማ ሱልጣኖች ከተሞች ፍርስራሽ አለ፤ ያንኑ ተረተር ይዞ ወደ ደቡብ ሲኬድ፣ ቆላውን ቁልቁል በሚያየው ጫፍ ላይ፣ የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ትገኛለች። ሁለቱም በዘመናቸው ግብር የሚገባባቸው፣ ፍርድ የሚሰጥባቸው፣ ነጋዴውና የውጭ መልእክተኛው ደጅ የሚጠናባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ዛሬ ከሁለቱም የቀረው ባብዛኛው ድንጋይ ነው። በሸዋ ሮቢት አቋርጦ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በሚነሣባት በአዲስ አበባ ግን ሌላ ዕጣ የገጠመው ቤተ መንግሥት አለ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ንጉሠ ነገሥቱ ወጥተውለት ተማሪ የገባበት ግቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ግቢ ከይፋት ፍርስራሾች ጎን አቁሞ ያስተዋውቃል፤ ክርክሩም አንድ ነው፦ የገዢ ቤት ከገዢው በኋላ ከሚገጥመው ዕጣ ሁሉ የተሻለው ትምህርት ቤት መሆን ነው፤ ቤቱን የሚያቆየውም፣ ለተሠራበት ወጪና ለፈሰሰበት ደም ካሣ የሚሆነውም ትምህርቱ ነው።

ማስረጃውን ከይፋት መጀመር ይገባል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ይፋትን ይዞ ከቆላው ወደ ዘይላ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ተቆጣጠረ፤ ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮም ከደጋው ነገሥታት ጋር ሲዋጋና ሲገብር ቆየ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ባጠኗቸው በኖራ፣ በአስበሪና በመሳል ከድንጋይ የተሠሩ መስጊዶች፣ የቤት ግድግዳዎችና የመቃብር ስፍራዎች ተገኝተዋል። እነዚህ ከተሞች ባለቤታቸው ሲጠፋ አብረው ጠፉ። አንኮበርም ቢሆን ከዚህ ብዙ የተለየ ዕድል አልገጠማትም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝን መልእክተኞች በ1830ዎቹ የተቀበሉባት፣ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ የተቀመጡባት ከተማ፣ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ጠባቂም ፈላጊም አጣች። የቤተ መንግሥቱ ቅሪት ዛሬ ለጎብኚ የሚታየው እንደ ምልክት ያህል ነው። በአንጻሩ በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚገኘው ጥንታዊው የጎዜ መስጊድ ይሰገድበታል፣ ይቀራበታል፤ ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ሲመጣበት ኖሯል። በአንኮበር አድባራት ዙሪያም የቆሎ ተማሪ ዳዊትና ዜማ ሲቀጽል ኖሯል። ሱልጣኑም ንጉሡም ሄደዋል፤ ደረሳውና የቆሎ ተማሪው ቀርተዋል። በአንድ ተረተር ላይ፣ በአንድ አየር፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይና እንጨት ከተሠሩት ቤቶች መካከል የቆዩት ሰው ለመማርና ለመጸለይ በየቀኑ የሚፈልጋቸው ናቸው።

ገነተ ልዑል የተሠራው በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአፄ ምኒልክ ታላቁ ግቢ የተለየ፣ የአውሮፓ እንግዳ የሚስተናገድበት ዘመናዊ መኖሪያ በፈለጉበት ጊዜ ነው። በ1927 ዓ.ም. የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ካረፉባቸው የክብር ቤቶች አንዱ ይኸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ቤቱ የጠላት እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደራሴው ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድኾች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ጣሊያኖች በግቢው የነበረውን ሰው በመትረየስ ከፈጁ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማዋን በእሳትና በጥይት አመሷት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል፤ ጭፍጨፋውን በሰፊው ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምታል። ዛሬም በግቢው ውስጥ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ ቆሟል፤ ጣሊያኖች ለፋሺስት አገዛዝ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየጨመሩ የገነቡት ነው። ከድል በኋላ ኢትዮጵያውያን ሳያፈርሱት በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት።

ሁለተኛው ደም የፈሰሰው በወገን እጅ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የታሰሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ተሰብስበው ቆዩ፤ ሙከራው መክሸፉ ሲታወቅ ተተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻና በሸዋ አርበኞችን መርተው አምስቱን ዓመት ከጠላት ጋር የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል። በሸዋ ጫካና ገደል ጣሊያን ያልደረሰባቸው አርበኛ የሞቱት ጣሊያን በለቀቀው ሳሎን ውስጥ፣ በኢትዮጵያውያን ጥይት ነው። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተከፈተ። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምሕንድስናው፣ የሕንጻው፣ የዓለማያው እርሻና የጎንደሩ ጤና ጥበቃ ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቁሞ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ መዘክሩ በቤተ መንግሥቱ ሕንጻ ቦታ አገኙ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በዩኒቨርሲቲው ሥር ደግሞ የልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው የተመረጡ ልጆች 12ኛ ክፍልን እየተማሩበት፣ ወደ መምህርነት እንዲያዘነብሉ የታሰበበት ነበር። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የልዑላን ማረፊያ የነበረው ግቢ የባላገር ልጅ ፈተና የሚቀመጥበት ሆነ።

ለዚህ የመጀመሪያው ተቃውሞ የሰጪውን ልብ ይመረምራል። ስጦታው ለስም ነበር የሚሉ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የተሰየመው በሰጪው ስም ነው፤ ቻንስለሩም እሳቸው ነበሩ። ደም የፈሰሰበትን ቤት መልቀቅም ለመኖር ከመጨነቅ የሚቀል ነገር ነው ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩን ግን አያፈርሰውም። ሰጪ ስጦታውን በስሙ ሊያስጠራ ይችላል፤ በቤቱ ውስጥ የሚታሰበውን ግን ማዘዝ አይችልም። ይህንንም የግቢው ታሪክ ራሱ አሳይቷል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ወጡ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል፣ አስከሬኑን ይዘው ግቢ ውስጥ በተሰበሰቡት ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ሲወርድ፣ ለዚያ ያበቃው ጥያቄ ለዓመታት ሲብላላ የነበረው ዙፋኑ ራሱ በሰጠው ቤት ውስጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ለማስመስገን አስበው ሰጥተው ቢሆን እንኳ የሰጡት ነገር ከሐሳባቸው በላይ ሆነ። ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን የሚለወጠው ይህ ነው፦ ትእዛዝ ይወጣበት የነበረ ስፍራ ጥያቄ የሚነሣበት ይሆናል። ጥያቄው ሁልጊዜ ትክክል ነበር ወይም ፍጻሜው መልካም ነበር ማለት አይደለም፤ የዚያ ትውልድ ብዙ ልጆች እርስ በርስ ተላልቀዋል። ሆኖም አገር ስለ ራሷ መሬትና አገዛዝ በግልጽ የምትከራከርበት ቦታ ማግኘቷ ለእንግዳ ከተዘረጋ ምንጣፍ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቅርስ ወዳጆች የሚያነሡት ነው። ታሪካዊ ቤት ሙዚየም መሆን አለበት፤ ተማሪ ግድግዳ ያቆሽሻል፣ ወለል ያስረጃል፣ ክፍሉም ለወንበርና ለሰሌዳ አልተሠራም ይላሉ። የፋሲል ግንብና የመቀሌው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ያለ ተማሪ ቆመው የለምን? ቆመዋል፤ በጎብኚና በጠባቂ። ጎብኚ ግን በሰላም ቀን የሚመጣ፣ በክፉ ቀን የሚቀር ነው፤ ጎብኚ ሲቀር ገቢው ይቀራል፣ ገቢው ሲቀር ጣራው ያፈሳል። ተማሪ በየመስከረሙ ይመጣል፤ ጣራው ቢያፈስ የሚጮኽ፣ መስኮቱ ቢሰበር የሚያስጠግን ባለቤት አለው። ደግሞም በስድስት ኪሎ ሁለቱ አልተጣሉም። በቤተ መዘክሩ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ይታያል፤ ከየአካባቢው የተሰበሰበው ዕቃ፣ ሥዕልና የብራና መጽሐፍ በዚያው አለ፤ የሰበሰቡትም ያጠኑትም የተቋሙ መምህራንና ተመራማሪዎች ናቸው። ሙዚየሙን ያስገኘው ትምህርቱ ነው። በውጭው ዓለምም ምሳሌ አለ። በዌልስ ባሕር ዳር ያለው የሴንት ዶናትስ ግንብ የስትራድሊንግ ቤተሰብ ለዘመናት የኖረበት፣ በኋላም የአሜሪካዊው የጋዜጣ ከበርቴ የዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት የመዝናኛ ቤት የነበረ ነው። በኤደን ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ጋር ቆዳና ቡና ይነግዱ የነበሩት የአንቶናን ቤስ ልጅ ግንቡን ለትምህርት ሰጠ፤ በ1962 እ.ኤ.አ.፣ ገነተ ልዑል ተማሪ በተቀበለበት ዘመን፣ ከብዙ አገር የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚማሩበት አትላንቲክ ኮሌጅ ተከፈተበት። ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው ጎን ለጎን በባሕር አደጋ የደረሰባቸውን ያድኑ ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት፣ ወለሉ ጠንካራ ጎኑ በአየር የተሞላ የነፍስ አድን ጀልባ የተፈተነው በዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ ርእሰ መምህሩም የፈጠራ መብቱን በ1 ፓውንድ ለአገሪቱ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበር ለቀዋል። ሰው እንዳይገባበት የታጠረ ግንብ ሰው የሚድንበት ሆነ። ለሙዚየም ብቻ ቢተው ይህ አይገኝም ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚነሣውም ከይፋት ቆላ ነው። ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሲሰጣት፣ ማሽላና ማሾ አራሹ የቆላ ገበሬ ልጁን የሚያስተምርበት ክፍል አልነበረውም። በእደ ማርያም ከየጠቅላይ ግዛቱ መርጦ ቢያመጣም የሚያመጣው ጥቂቶችን ነበር፤ ላልተመረጠው ልጅ የስድስት ኪሎ ሳሎን ምን ይጠቅመዋል? ይህ ተቃውሞ ፍትሐዊ ነው፤ መልሱም መቀበል ነው። ቤተ መንግሥቱ ከመላው አገር ግብር የተሠራ ከሆነ ጥቅሙም ለመላው አገር መድረስ ነበረበት፤ ለረጅም ዘመን አልደረሰም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ቤተ መንግሥቱ ባይሰጥ ይሻል ነበር የሚል አይሆንም። የሚከተለው ስጦታው ሳይጠናቀቅ ቀርቷል፣ ማጠናቀቁም የእኛ ዕዳ ነው የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት የየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከነዚህም በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ የዚህ ዕዳ ክፍያ አካል ናቸው። ሆኖም ሕንጻ መክፈት ብቻውን አይበቃም። የገነተ ልዑል ተማሪ በደረጃው ላይ አንበሳውን ሲያይ የገዛ አገሩን ታሪክ በዓይኑ ያነባል፤ የሸዋ ሮቢት ተማሪ ግን ከመኖሪያው አጠገብ ስለቆሙት የኖራና የአስበሪ ግድግዳዎች ከመጽሐፉ የሚያገኘው እጅግ ትንሽ ነው።

ስለዚህ የገነተ ልዑል ታሪክ ለይፋት የሚያስተላልፈው ምክር ግልጽ ሥራ አለበት። በዚህ ቆላ ለትምህርት ቤትነት የሚበቃ ሙሉ ቤተ መንግሥት አልቀረም፤ የቀረው ቅጥርና መሠረት ነው። ተማሪ ሊኖርበት ባይችልም ተማሪ ሊማርበት ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ክፍሉን ይዞ ወደ ፍርስራሹ የሚወጣበት ቀን በትምህርት ዘመኑ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሒሳብ ተማሪ የመስጊዱን ግድግዳ ይለካ፣ የጂኦግራፊ ተማሪ የዘይላ ነጋዴ ለምን በዚህ እንዳለፈ ከመሬቱ አቀማመጥ ያስረዳ፣ የአማርኛ ተማሪ ከአርጎባና ከአማራ ሽማግሌዎች የሰማውን ጽፎ ያስቀምጥ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጥናቱን ዘዴ ቢያስተምራቸው፣ ሸኾቹና ካህናቱ የሚያውቁትን ቢያካፍሏቸው፣ የጎዜ ደረሳና የአንኮበር ቆሎ ተማሪ ያቆዩት ልማድ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ይገናኛል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለእግር ጉዞ የሚበቃ ጊዜና የሚፈቅድ ርእሰ መምህር ይጠይቃል። የወላስማ ሱልጣን ቤቱን ለማንም አልሰጠም፤ የሸዋ ንጉሥም የአንኮበርን ግቢ ለተማሪ አላወረሰም። እነሱ ያልሰጡትን ዛሬ መምህራንና ተማሪዎች በራሳቸው እግር ሄደው ሊረከቡት ይችላሉ፤ የተረከቡትንም ድንጋይ ከዚያ በኋላ ማንም በቀላሉ አያነሣውም፣ ማንም ለአጥር አይወስደውም፤ የሚጠብቀው ያጠናው ልጅ ነውና።