ከባድ ጓንት ቡጢን አያጠነክርም

ነቀምት፣ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ቦክስ ለምትለማመዱ ወጣቶች፦ 16 አውንስ ጓንት ይበልጥ ይመታል የምትሉ አላችሁ። አይደለም። ከ10 አውንሱ በ170 ግራም ስለሚከብድ እጅን ያዘገያል፤ ወፍራም ስፖንጁም ምቱን በሰፊ ቦታ ይበትነዋል። ለልምምድ ግጥሚያ ግን 16 አውንሱን ልበሱ፣ የጓደኛችሁ ጭንቅላት አደራ ነው። ሆኖም የትኛውም ስፖንጅ የአንጎል መናወጥን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ጉልበት ከመሬት ይነሳል፦ እግር ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል። 75 ኪሎ የሚመዝን ቦክሰኛ ከ51 ኪሎው ይልቅ ከባድ ቡጢ የሚኖረው ከእጁ ጀርባ የሚገባው አካል ስለሚበልጥ ነው። ዳሌውን ካላዞረ ግን ያ ክብደት ዋጋ የለውም። የውድድር ጓንትም እንደ ቦክሰኛው ክብደት ይለያያል፦ በፕሮፌሽናል ቦክስ በአብዛኛው እስከ 66.7 ኪሎ በ8 አውንስ፣ ከዚያ በላይ በ10 አውንስ ይጋጠማሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፦ ወደ ዝቅተኛ የክብደት ምድብ ለመውረድ ብላችሁ ውኃ ከመጠጣት አትቆጠቡ።