«አፕዴቱ ፋይሌን በላው»

ባሌ ሮቤ ውስጥ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ጽሕፈት የሚሠሩ ቤቶች ደንበኛ አያጡም። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ነው፤ የጤናው ግቢና ሪፈራል ሆስፒታሉ ደግሞ ጎባ ነው። ተማሪውም ሠራተኛውም ሲቪውን፣ የመመረቂያ ጥናቱን፣ የውጭ ትምህርት ቅጹን ይዞ የሚመጣው ወደነዚህ ቤቶች ነው። ትናንት ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ እምቢ ሲል የሚሰጠው ፍርድም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋሼ፣ ክሮሙ አፕዴት አድርጎ ፋይሉን በልቶታል። ፎርማት ይደረግ።»

አልበላውም። ብሮውዘር ሲታደስ የሚለውጠው የራሱን ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥነውን ደብዳቤም ሆነ ፍላሽ ላይ ያለውን ጥናት አይነካም። በዚህ የተነሳ ለእኛ የሚለወጠው የወረደ ፋይል የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚከፍተው ነው። ድሮ ብሮውዘር እንደ ፖስተኛ ነበር፤ ፖስታውን አምጥቶ ለባለቤቱ ያስረክባል። ከአሥር ዓመት ወዲህ ግን ፖስታውን ራሱ ቀድዶ ማንበብ ጀምሯል፤ አንብቦ ያልገባው እንደሆነም ጥፋቱ የደብዳቤው ይመስላል። ከዚህ በታች ያሉት ስሞታዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

«ዳውንሎድ አላደርግም አለ»

ብዙውን ጊዜ አድርጓል። ክሮም ለዓመታት የወረደውን ፋይል ከገጹ ግርጌ በሰፊ መስመር ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መስመሩን አንስቶ በላይኛው ቀኝ ጥግ ባለች ትንሽ ቀስት ተካው። ዓይኑ ግርጌውን የለመደ ሰው ምንም ስላላየ ደግሞ ይጫናል፤ አሁንም ይጫናል። በመጨረሻ ዳውንሎድ ፎልደሩ ውስጥ አንዱ ሰነድ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ተደርድሮ ይገኛል፤ የገዛው ፓኬጅም በዚያው አልቋል። ፋየርፎክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 በወጣው 98ኛ ዕትሙ «ልክፈተው ወይስ ላስቀምጠው?» ብሎ መጠየቁን ተወና በቀጥታ ማስቀመጥ ጀመረ። ጥያቄው ስላልመጣ ብቻ «አይሠራም» ያለ ሰው ጥቂት አይመስለኝም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልንና ጄን አንድ ላይ መጫን በክሮምም፣ በፋየርፎክስም፣ በኤጅም የወረዱትን ዝርዝር ያወጣል። ፋይሉ የመጣው በኮምፒውተር ቴሌግራም ከሆነ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ፎልደር አለ፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

የምር ያልወረደ ፋይልም አለ። መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ሲቋረጥ ክሮም የፋይሉን ስም «ሲአርዳውንሎድ» በሚል ቅጥያ፣ ፋየርፎክስ «ፓርት» በሚል ቅጥያ ይተወዋል። ቅጥያውን ሰርዞ ስሙን «ፒዲኤፍ» ማለት የጎደለውን አይሞላውም። ከዝርዝሩ ላይ «ሪዚዩም» የሚለውን መጫን ግን ብዙ ጊዜ ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

አንድ ሌላ ምክንያት እዚሁ ይነሳ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2020 ጀምሮ በ2021 መባቻ የጨረሰው ለውጥ አለ፦ ገጹ ራሱ በተመሰጠረ ግንኙነት ተከፍቶ ፋይሉ ግን ባልተመሰጠረ አድራሻ የተቀመጠ ከሆነ ማውረዱን ያግደዋል። ድረ ገጻቸውን ገና በከፊል ያሳደሱ መሥሪያ ቤቶች ፋይል «አልወርድም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ላኪውን የሚያምኑት ከሆነ ከዝርዝሩ ላይ «ኪፕ» የሚለው ምርጫ ያስቀምጠዋል።

«ፒዲኤፉ ተበላሽቷል፤ ጠብቅ ብሎኝ ቀረ»

ይኸኛው ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባዋል፤ ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚያንገላታው እሱ ነውና።

ካናዳ ለመማር የሚያመለክት ተማሪ ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ አይኤምኤም 1294 ነው። ቅጹን ክሮም ላይ ሲከፍተው በእንግሊዝኛ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ ይመጣል፤ ከሥሩም ጽሑፉ በዚያው ከቀረ ማሳያ ፕሮግራምዎ ይህን ዓይነት ሰነድ ማሳየት ላይችል ይችላል የሚል ማብራሪያ አለ። አብዛኛው ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ቃል ነው። ይጠብቃል። ኔትወርኩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ያው ነው። ከሮቤ ጎባ ድረስ በሚኒባስ ቢጓዝም ያው ነው፤ አዲስ አበባ ቢሄድም አይለወጥም።

እዚህ ውስጥ ኔትወርክ የለበትም፤ ፋይሉም ሙሉ ሆኖ ወርዷል። እነዚህ ቅጾች የተሠሩት ኤክስኤፍኤ በሚባል የአዶቤ ዘዴ ነው። የምናየው «ይጠብቁ» የሚለው ገጽ ሽፋን ብቻ ነው፤ ቅጹ ከውስጥ አለ፣ ዘዴውን የሚያውቅ ፕሮግራም ሲያገኝ ሽፋኑን ገፍቶ ይወጣል። የብሮውዘር አፕዴት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ድሮ ክሮምና ፋየርፎክስ ፒዲኤፍ ሲገጥማቸው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን አዶቤ ሪደር በተጨማሪ ማገናኛ በኩል ጠርተው በዚያው መስኮት ውስጥ ያስከፍቱት ነበር። ያ የማገናኛ ዘዴ ያረጀና ለጥቃት የተጋለጠ ስለነበር ክሮም እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 በወጣው 45ኛ ዕትሙ፣ ፋየርፎክስም መጋቢት 2017 በወጣው 52ኛው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ፒዲኤፍ የሚከፍቱት በራሳቸው ማሳያ ነው። ማሳያዎቹ ለመማሪያ መጽሐፍም ለደብዳቤም ይበቃሉ፤ የኤክስኤፍኤ ቅጽ ሲመጣ ግን የክሮሙ ሽፋኑ ላይ ቆሞ ይቀራል። ፋየርፎክስ ከ93ኛ ዕትሙ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ጀምሮ ቅጾቹን ማሳየት ችሏል።

ስለዚህ ሊንኩን በቀኝ ተጭኖ «ሴቭ ሊንክ አስ» ብሎ ማውረድ፣ ከዚያ ፋይሉን ባለበት በቀኝ ተጭኖ «ኦፕን ዊዝ» ውስጥ አዶቤ ሪደርን መምረጥ ነው። ሪደሩ በነጻ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ እሱን ለመጫን የሚወጣው ዳታ ለፎርማት ከሚከፈለው ብር የተሻለ ሥራ ይሠራል። በስልክ መሞከር ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ድንጋጤ አለ፦ «ፒዲኤፎቼ በሙሉ ወደ ኤጅ ተቀየሩ»። የተቀየረው ሥዕሉ ነው። ዊንዶውስ ፒዲኤፍን የሚከፍተው ፕሮግራም ኤጅ እንዲሆን ሲያደርግ የፋይሎቹ ምልክትም አብሮ ይለወጣል፤ ውስጣቸው እንደነበረ ነው። «ኦፕን ዊዝ» ውስጥ ሌላ ፕሮግራም መርጦ «ሁልጊዜ» ማለት ይመልሰዋል።

«የኦሮምኛው ደብዳቤ ይከፈታል፤ የአማርኛው ግን ቫይረስ በልቶታል»

ባሌ ላይ ይህ እምነት በቂ ምክንያት ያለው ይመስላል፤ ሰው በዓይኑ ያየዋልና። የዞኑና የወረዳው ሰነድ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋው ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የትኛውም ኮምፒውተር ያለ ተጨማሪ ፎንት ያነበዋል። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም ከቆየ ማኅደር የመጣ የአማርኛ ደብዳቤ ግን አንዳንዴ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቶ ይታያል።

ምክንያቱ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቀድሞ ፎንቶችም በዚሁ መንገድ ነው የሠሩት። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር «ሀ» ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በሌለበት አንድ የፈረንጅ ምልክት ይሆናል። የቢሮው ኮምፒውተር ፎንቱ ተጭኖለት ሲያበቃ ድንገት ጽሑፉ የሚዘበራረቀው ለምንድን ነው ከተባለ ግን መልሱ ብሮውዘሩ ዘንድ ነው። አዲሱ ኤጅ የወርድ ፋይልን ከማውረድ ይልቅ በራሱ የኦንላይን ማሳያ ይከፍታል፤ ያ ማሳያ የሚጠቀመው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ያሉትን ፎንቶች ነው፣ የእኛን ፓወር ግዕዝ አያውቀውም። ኤጅ ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድ የሚለው ክፍል ገብቶ የኦፊስ ፋይሎችን በብሮውዘር ክፈት የሚለውን ማጥፋት፣ ፋይሉን አውርዶም በወርድ መክፈት ነው። ላኪው ዘንድ መድረስ ከተቻለ በፒዲኤፍ እንዲልከው መጠየቅ ይቀላል፤ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር ታሽጎ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ዊንዶውስ ከቪስታ ጋር ይዞት የመጣው የኢትዮጵያ ፎንት ስሙ ኒያላ ነው፤ የተሰየመውም እዚሁ ባሌ፣ ዲንሾ ግቢ ውስጥ በሚሰማራውና ፈረንጆች ኒያላ በሚሉት በደጋ አጋዘናችን ነው። ባሌ ለማይክሮሶፍት ካዋጣቸው ነገሮች አንዱ መሆኑን እዚህ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያወቁ አይመስለኝም።

«ወርዱ ተቆልፏል»

ይህ አጭር ነው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የመጣን ፋይል ምልክት ያደርግበታል፤ ወርድም ምልክቱን ሲያይ በጥንቃቄ ይከፍተዋል፣ ከላይ ቢጫ መስመር ያወጣል፣ አንዳንዴም «ልከፍተው አልቻልኩም» ብሎ ያስደነግጣል። ላኪው የሚታወቅ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ተጭኖ፣ «ፕሮፐርቲስ» ገብቶ፣ ከታች «አንብሎክ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

«ስሙ ፒዲኤፍ ከሆነ ፒዲኤፍ ነው»

ስም ማንም ያወጣል። ውጤት ወይም ምደባ የሚታይበት ገጽ ላይ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሳይነካው የቆየ ተማሪ ኋላ «ዳውንሎድ» ሲል፣ ገጹ ረስቶት ስለነበር በሰነዱ ፈንታ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን ገጽ በፒዲኤፍ ስም ሊያስረክበው ይችላል። አዶቤ «ተበላሽቷል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ፒዲኤፍ አይደለምና።

ማጣራቱ ቀላል ነው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጆች ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ብቻ እዩ። እውነተኛ ፒዲኤፍ በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ከእ.ኤ.አ. 2007 ወዲህ ያለው አዲሱ የወርድ ፋይል በ«ፒ» እና «ኬ» ይጀምራል፤ ፋይሉ በእርግጥ የታመቀ ዚፕ ነው፣ ሁለቱ ፊደሎችም የዚፕ ፈጣሪው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው። አንዳንድ የድሮ ብሮውዘር ወርዱን «ዚፕ» ብሎ የሚያወርደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅጥያውን ወደ «ዶክኤክስ» መመለስ ያስተካክለዋል። ማዕዘን ቅንፍ ከፊት ከታየ ግን የወረደው ድረ ገጽ ነው፤ እንደገና ገብቶ ማውረድ ነው።

«ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ኢንተርኔቱን አይችልም»

ከማርጀቱ በፊት ሰዓቱ ይታይ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሰውም ሊመልሰው ይችላል፦ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መኖር መብታችን ነው፤ ክሮም ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ሲያገኝ የድረ ገጾቹን የምስክር ወረቀት «ገና አልጸናም» ይላል። ምስክር ወረቀቶቹ የሚሰጡት ለአንድ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ነውና ሁሉም ከዚያ ሰዓት «ወደፊት» የሚወጡ ይሆናሉ። ገጹ ካልተከፈተ ፋይሉም አይወርድም። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ማዞር ብቻ ይህን ያህል ጣጣ አያመጣም።

«ቫይረስ ነው»

አንዳንዴ ነው፤ ያኔ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። አንድ ፋይል ብቻ እምቢ ካለ ከላይ ካሉት አንዱን መጠርጠር ይሻላል። ፎቶውም፣ ወርዱም፣ ፒዲኤፉም በአንድ ጊዜ የማይታወቅ ቅጥያ ካበጀና በየፎልደሩ ገንዘብ የሚጠይቅ የጽሑፍ ፋይል ከተገኘ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ገብቷል። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ብዙ ግለሰቦችን የመታው ስቶፕ ዲጄቩ የሚባለው ቤተሰብ የሚገባው በአብዛኛው «ክራክ» ተብሎ ከሚወርድ ፕሮግራም ጋር ነው። እንዲህ ከሆነ የተቆለፉትን ፋይሎች ሳያጠፉ በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ይገባል፤ ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለ148 ዓይነቶቹ በነጻ መፍቻ አውጥቷል።

ሌላው መግቢያ ራሱ «አፕዴት» የሚለው ቃል ነው። ገጽ እያነበባችሁ መሐል ላይ «ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ ይህን ያውርዱ» የሚል ቢመጣ አትንኩት። እውነተኛው አፕዴት በራሱ፣ ሳይነግራችሁ ይገባል። ማየት ከፈለጋችሁ ክሮም ላይ በቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ቀጥሎ «ሄልፕ»ን፣ ከዚያ «አባውት»ን ብትጫኑ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ዊንዶውስ 7 ባለበት ማሽን ቁጥሩ 109 ላይ ይቆማል፤ ለዚያ ማሽን ከ109 የበለጠ ክሮም አለኝ የሚል ገጽ ውሸታም ነው።