አለቃ ሳይኖር የሚሰምር ሥራ

መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ወደ ጉንዳን ሲልከው ስለ ትጋቷ ብቻ አይነግረውም፤ አለቃ እንደሌላትም ያስታውሰዋል። እኛ ትጋቷን እያደነቅን ሁለተኛውን ነገር እናልፈዋለን። ትልቁ ጥያቄ ግን እሱ ነው፤ የሚያዝ ከሌለ ሥራው እንዴት ይሰምራል?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዲቦራ ጎርደን በአሜሪካ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ በሚዋሰኑበት በረሃ ዘር ለቃሚ ጉንዳኖችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስታጠና ኖራለች። የእነዚህ ጉንዳኖች አንድ ቤተሰብ ወደ 10,000 ገደማ ሠራተኞች አሉት። ንግሥቲቱ ከ20 ዓመት በላይ ብትኖርም ሥራዋ እንቁላል መጣል እንጂ ማዘዝ አይደለም።

ጠዋት መጀመሪያ የሚወጡት አካባቢውን የሚቃኙት ቃፊሮች ናቸው። እነሱ በደህና ሲመለሱ ለቃሚዎቹ ጉድጓዱ አፍ አጠገብ በአንቴናቸው ይነኳቸዋል። የጉንዳን ገላ ስስ ቅባት አለው፤ ሽታውም እንደ ሥራዋ ይለያያል። ጎርደንና የጥናት አጋሯ ማይክል ግሪን በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቃፊሮቹ እንዳይመለሱ አገዱና የእነሱን ቅባት የተቀቡ ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃዎች በየተወሰነ ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ጣሉ። ለቃሚዎቹ ወጡ። ያስወጣቸው ትእዛዝ ሳይሆን ሽታውና የግንኙነቱ ድግግሞሽ ነበር።

ለቀማውም የሚመራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ዘር በብዛት ከተገኘ ተሸካሚዎች ቶሎ ቶሎ ይመለሳሉ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚጠብቁትም ደጋግመው ስለሚያገኟቸው ይወጣሉ። ዘር ከጠፋ ተመላሹ ይሳሳል፤ የሚወጡትም ይቀንሳሉ። በሜዳው ላይ ምን ያህል ዘር እንዳለ የምታውቅ አንዲትም ጉንዳን የለችም፤ ቤተሰቡ ግን የሚያውቅ ያህል ይሠራል። ኢንተርኔት የመረጃ ፍሰቱን የሚመጥንበት ስልትም ከዚህ ጋር እንደሚመሳሰል በ2012 ታይቷል።

በበረሃ ለለቀማ መውጣት ውሃ ያስከፍላል፤ ጉንዳኖቹ ውሃ የሚያገኙት ከሚበሉት ዘር ነው። ጎርደን በ2013 ባወጣችው ጥናት፣ በደረቅና በሞቃት ቀን ለለቀማ መውጣትን የሚቀንሱት ቤተሰቦች ከእነሱ የተወለዱ አዳዲስ ቤተሰቦችን በብዛት አፍርተዋል። ሁልጊዜ የሚሯሯጡት አልበለጧቸውም።

ስለዚህ ጉንዳንን ለትጋት ብቻ አርአያ ማድረግ ግማሹን ትምህርት መተው ነው። እያንዳንዷ የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ብልሃቱ ያለው በመገናኘታቸው ውስጥ ነው። መቼ መሥራት እንዳለባቸው ብቻ ሳይሆን መቼ መታቀብ እንዳለባቸውም የሚወስነው ይኸው ግንኙነት ነው።