ከማሻሻያ በኋላ «የጠፋ» መዝገብ

በደሴ–ወልድያ መንገድ ላይ በምትገኘው ውርጌሳ፣ ሁለት ሠራተኞች በየራሳቸው መለያ የሚገቡበትን የአንድ ሱቅ ኮምፒውተር ለአብነት እናስብ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 10 ከተሸጋገረ ወዲህ፣ የቆየው የሒሳብ ፕሮግራም አንዱ የመዘገበውን ለሌላው አያሳይም። መረጃው ግን አልጠፋም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ ፕሮግራሞች በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። የቆዩ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች በዚህ ምክንያት ሥራ እንዳያቆሙ፣ ዊንዶውስ የሚጽፉትን ሁሉ «ቨርቹዋል ስቶር» ወደተባለ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወደተለየ ስውር ፎልደር በዝምታ ያዞረዋል። ስለዚህ ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ያድጋሉ።

የተለመደው መፍትሔ ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስነሣት ነው። ይህ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ችግሩን ያብሳል፤ ያን ጊዜ የሚከፈተው ከሁለቱም የተለየው፣ በመጫኛው ፎልደር የቀረው አሮጌ መዝገብ ነውና። የሚሻለው የሁለቱንም ቅጂ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ምዝገባዎቹን ማስታረቅ፣ ከዚያም ለመረጃው ፎልደር ብቻ የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለሽግግሩ ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርግ ሰው የመጫኛውን ፎልደር ብቻ ገልብጦ ካስቀመጠ፣ በእጁ የሚቀረው የኤክስፒ ዘመን ሒሳብ ነው።